ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሣ

አባቴና እኔ ስንገናኝ የምናወራው ነገር አስቀድሞ ርእስ ኖሮት አያውቅም። ከሽንኩርት ዋጋ የተነሣው ወሬ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም የጀመርነው የባቡር ጎማ በቶርኖ እንዴት እንደሚስተካከል ወደ ማስረዳት ይዞራል፤ ስለ አንድ የቀድሞ የሰፈር ዳቦ ጋጋሪ ያነሣነው ደግሞ በልጄ የሒሳብ ውጤት ላይ ያርፋል። ባለቤቴ ቡናውን ይዛ ስትመጣ «ምን እያወራችሁ ነው?» ብላ ብትጠይቅ ሁለታችንም መልስ ያጥረናል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ብዙ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ያየዋል፣ አንዳንዱም የእርጅና ምልክት ነው ይላል። እኔ ግን ከአባቴ አንደበት የሰማሁት ቁም ነገር ሁሉ የመጣው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ስለ እሱ ረጋ ብዬ ልጽፍ ወድጃለሁ።

አባቴ ድሬዳዋ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከፍሬንና ከጎማ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። (እዚህ ላይ «ናቸው» ማለቴ የአገሬን ልጆች ሊያስገርም ይችላል፤ ድሬዳዋ ትልቁም ትንሹም «አንተ» መባባሉ የታወቀ ነው፣ እኔም ፊት ለፊት «አባባ፣ አንተ» ነው የምላቸው። በጽሑፍ ሲሆን ግን እጄ እምቢ ይለኛል።) እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የምኖር የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነኝ። የሙያችን መቀራረብ ጨዋታውን እንደረዳው አልጠራጠርም። አባትና ወንድ ልጅ ስለ ራሳቸው ለማውራት ከመድፈራቸው በፊት፣ ሁለቱም የሚያውቁት፣ ሁለቱንም የማያሳፍር ሌላ ነገር በመካከላቸው መኖር አለበት። በእኛ መካከል ያለው ሐዲድ ነው።

ለድሬዳዋ ሰው ሐዲድ የከተማው መነሻ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በመጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ በግርጌው፣ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመትም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። እኔ ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። አባቴ የሚያውቁት ግን በየጣቢያው ነው፤ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ እያሉ ሲጠሩ፣ የትኛው ጣቢያ ላይ ውሃ እንደሚጠፋ፣ የትኛው ላይ የፍየል ወተት ይዘው የሚመጡ ሴቶች መንገደኛውን እንደሚጠብቁ፣ የትኛው አቀበት ላይ ሎኮሞቲቩ እንደሚያቃስት አብረው ይነግሩኛል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የማያልቅ ክርክር አምጥቶልናል። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የአዲሱ 1,435 ነው፤ እኔ እንደ መሐንዲስ ሰፊው ሐዲድ የበለጠ ጭነት በበለጠ ፍጥነት እንደሚያጓጉዝ እከራከራለሁ። አባቴ ስፋቱን አይቃወሙም። የሚቃወሙት አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ መሠራቱን ነው። «ባቡር ሲገባ ድምፁ የማይሰማበት ከተማ ምኑን የባቡር ከተማ ሆነ?» ይላሉ። ለዚህ የማቀርበው የምሕንድስና መልስ አለኝ፣ ደጋግሜም ሰጥቻቸዋለሁ፤ ይሁንና ክርክሩ እንዲያልቅ ሁለታችንም የምንፈልግ አይመስለኝም።

እኅቴ ከካናዳ ለዕረፍት በመጣችበት ጊዜ የአባታችን ታሪክ ለልጆቿ እንዲቀር ብላ፣ ጥያቄዎቿን በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጽፋ፣ የስልኳን መቅጃ ከፍታ አነጋገረቻቸው። አሳቧ የተቀደሰ ነበር። አባቴም በትሕትና መለሱላት፤ መቼ እንደተቀጠሩ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸው ስንት እንደነበር፣ አለቆቻቸው እነማን እንደነበሩ። ስለ አዋሹ የባቡር አደጋ ስትጠይቃቸው «አዎ፣ ብዙ ሰው አለቀ፤ ነፍሳቸውን ይማር» ብለው ዝም አሉ። ስለ ሶማሊያ ጦርነት ስትጠይቅም «ከባድ ጊዜ ነበር» አሉና ውሃ ጠየቁ። ቅጂውን ከዚያ በኋላ አዳምጬዋለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን እንደሚሰጥ ሰው ተጠንቅቀው፣ ከተጠየቁት ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ሲናገሩ ይሰማል፤ አባቴ መሆናቸውን የሚነግረኝ ድምፃቸው ብቻ ነው።

የአዋሹን ነገር የሰማሁት ቆይቶ፣ አንድ የክረምት ምሽት ነው፤ የተነሣውም ከስኳር ነበር። አባቴ ሻያቸው ላይ ስኳር ያበዛሉ፣ እኔም ሐኪሙ የነገራቸውን አስታወስኳቸው። እሳቸው የሐኪሙን ነገር ሰምተው እንዳልሰሙ አልፈው፣ የዛሬ ስኳር የድሮውን የወንጂ ስኳር ያህል አይጣፍጥም አሉ። በሆላንዶች የተቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነውና አባቴ ያደጉት ከእሱ ጋር ነው ለማለት ይቻላል። ከወንጂ ወደ ቆቃ ተሻገርን፤ የወንጂ ሸንኮራ የሚጠጣው አዋሽን ነው፣ የቆቃ ግድብም የተሠራው አዋሽ ላይ ነው። ግድቡ የተሠራው ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሳ መሆኑን ሳነሣ አያቴ ትዝ አሏቸው። አያቴ በወረራው ጊዜ አንዲት የጭነት በቅሎ ነበረቻቸው፣ ወታደሮች ወሰዱባቸው፣ ከዚያም በኋላ ዳግመኛ በቅሎ ለመግዛት አቅም አላገኙም። «ለአባቴ በቅሎ ግን ማንም ካሳ አልከፈለም» አሉ አባቴ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ያለፈውን ነገር ትናንት እንደተፈጸመ አድርገው። የአያቴ ቤተሰብ ለምን ከገጠር ወጥቶ ድሬዳዋ እንደገባ ያን ምሽት ገባኝ።

ከበቅሎዋ ተመልሰን እንደገና ወንዙን ይዘን ወረድን። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ፣ ባሕሩ አጠገብ ደርሶ፣ ባሕር ሳይገባ መቅረቱ ሁልጊዜ እንደሚያሳዝነኝ ነገርኳቸው። አባቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ወንዙ ባይደርስም ባቡሩ ይደርስ ነበር» አሉ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ አዋሽ ድልድይ መናገር ጀመሩ።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች ባቡር መታጠፊያ ያለው ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ አስከፊ አደጋዎች አንዱ ነው። አባቴ ከጥገና ክፍሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ክሪክና የብረት መቁረጫ ይዘው ወደዚያ ከተላኩት መካከል ነበሩ። የነገሩኝ ስለ ብዛቱ አልነበረም። የነገሩኝ ስለ አንድ ፉርጎ ነው። በጎኑ በወደቀው ፉርጎ ውስጥ የመንገደኛ የስኳር ጆንያ ተቀዶ ፈስሶ ጉንዳን ወርሮት ነበር፤ አባቴ ክሪኩን የሚያቆሙበት ቦታ ለማግኘት ስኳሩን በእጃቸው መጥረግ ነበረባቸው፤ ከብረቱ ሥር አንዲት ሴት ትተነፍስ ነበር። «አወጣናት» አሉኝ። «መኪና ወሰዳት። ትዳን አትዳን አላወቅሁም፤ ማንን እጠይቃለሁ?» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፣ እጃቸው ግን የሻይ ማንኪያውን ይዞ ነበር።

ከስኳር ተነሥተን እዚያ መድረሳችን በአጋጣሚ ነው ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። ያ ምሽት ወንጂን፣ ቆቃን፣ አያቴንና አቤ ሐይቅን ሁሉ ባይዞር ኖሮ አባቴ እዚያ ፉርጎ ውስጥ አይገቡም ነበር። እኔም በየመካከሉ «አባባ፣ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ» ብል ኖሮ የምንመለሰው ወደ ሐኪሙ ትእዛዝ ነበር።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን የምትወስኑት በምንድን ነው?» አሉኝ። በመታጠፊያ ላይ የውጪው ጠርዝ ከውስጠኛው ከፍ ተደርጎ እንደሚሠራ፣ የከፍታው መጠንም ከመታጠፊያው ስፋትና ከሚፈቀደው ፍጥነት ጋር ተሰልቶ እንደሚወጣ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ውጪ የሚገፋው ኃይል ግን እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚሆን አስረዳሁ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «አውቀዋለሁ» አሉ፣ «ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

በእኔም በኩል ያለው ከዚህ የተለየ አይደለም። ባለቤቴ የመጀመሪያው ፅንስ በወረደባት ሰሞን ለአባቴ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር፤ ወንድ ለወንድ እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት የሚነጋገርበት ልማድ በቤታችን አልነበረም። የነገርኳቸው ስለ ደቻቱ ስናወራ ነው። ደቻቱ የድሬዳዋን ልብ የሚያቋርጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ደረቅ ወንዝ ዳር ቤት የሠራ ሰው ውሃ ይመጣብኛል ብሎ እንደማይሠጋ፣ ዝናቡም የሚዘንበው ከእሱ ርቆ በሌላ ተራራ ላይ ስለሆነ ሰማዩን አይቶ መገመት እንደማይችል እየተነጋገርን ሳለ ነገሩ ከአፌ ወጣ። አባቴ አላጽናኑኝም፣ ምክርም አልሰጡኝም። «እናቷ መጥታላታለች?» ብለው ጠየቁኝ። አልመጣችም አልኩ። «አንተ ሂድና አምጣት፤ በአውቶቡስ እንዳትመጣ» አሉኝ፤ ከዚያም ስለ ደቻቱ የጎርፍ መከላከያ ግንብ መጠየቃቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱ አማቴን ለማምጣት ሄድኩ።

አሁን ያልሰማሁት የጦርነቱን ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ መግቢያ በደረሰበት፣ ድልድዮች ፈርሰው የባቡሩ መስመር በተቋረጠበት ጊዜ አባቴ ገና ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚያ ጊዜ አንዳንዴ ይጀምራሉ፤ የትኛው ድልድይ በምን ዓይነት ብረት እንደተጠገነ፣ ማታ ማታ መብራት ጠፍቶ እንዴት እንደሚሠራ ይናገራሉ፣ ከዚያ ኤረር ጣቢያ ሲደርሱ ጨዋታውን ወደ ሌላ ያዞሩታል። እኅቴ በየሳምንቱ ስትደውል «ጠየቅኸው?» ትለኛለች። አልጠየቅኳቸውም። ለጥምቀት ወደ እኛ ይመጣሉ፤ የአዲሱን ባቡር ትኬት ቆርጬላቸዋለሁ፣ አስተያየታቸውንም ብዙ እንደምሰማ አውቃለሁ። በመስኮቱ በኩል ኤረርን ሲያልፉ ያዩት ነገር ካለ፣ ከዚያ እንጀምራለን።