117 እጥፍ ያልኩት 9.5 ሆኖ ቁጭ አለ

ሰላም ናችሁ? የእንስሳት የመርዛማነት ጥናት ማንበብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የያዝኩት ኤልሚሮንን ነው፤ ኢንተርስቲሻል ሲስታይትስ ለሚባለው ሥር የሰደደ የፊኛ ሕመም አሜሪካ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. የተፈቀደውን። የመረጥኩት ስለሚቀል ነው፣ አልዋሽም። የኩባንያ ጥናት ሙሉው እጅ አይገባም፤ ይሄኛውን ግን የአሜሪካ መንግሥት ናሽናል ቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ስለሠራው ከነሠንጠረዡ በነጻ ይነበባል። የወጣው በ2004 ነው። አዎ፣ መድኃኒቱ ገበያ ከገባ ከ8 ዓመት በኋላ።

የተሞከረው በራትና በማውስ ነው። (አማርኛችን ሁለቱንም አይጥ ብሎ ይገላገላል፣ እዚህ ግን ልዩነቱ ጉድ ይሠራል፤ ራት ትልቁ፣ ማውስ ትንሹ ነው።) በሳምንት 5 ቀን፣ እስከ ሁለት ዓመት፣ መድኃኒቱ በቱቦ ቀጥታ ጨጓራቸው ውስጥ ይገባል። ከፍተኛው መጠን ለማውስ 504 ሚሊግራም በኪሎ፣ ለሴት ራት 252፣ ለወንዱ 126።

የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ሰው በቀን 300 ሚሊግራም ይወስዳል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 4.3 ገደማ። 504ን ለ4.3 ሳካፍል 117 መጣ፣ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይም ያለው ይኸው 117 ስለሆነ ደስ ብሎኝ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። አንድ ጓደኛዬ አየውና «በኪሎ ነው በሰውነት ስፋት?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ከእኛ ቶሎ ያስወግዳል። ስለዚህ በሰውነት ስፋት (ማለትም በገላ ቆዳ ስፋት) አስልቶ ወደ ሰው ሲመለስ የማውሱን ለ12.3፣ የራቱን ለ6.2 ማካፈል የተለመደ ነው። 504 ለ12.3፣ 41። 41 ለ4.3፣ 9.5። ሴት ራቶቹም ሲሰሉ እዚያው ናቸው። መግለጫው አልዋሸም፣ «በኪሎ» ብሎ ጽፏል። ዘልዬው ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ቃላቱም እንደዛው ናቸው። ፕሮግራሙ የካንሰር ማስረጃን በደረጃ ነው የሚያስቀምጠው፦ ግልጽ፣ የተወሰነ፣ አጠራጣሪ፣ የለም። ለራቶቹ «የለም» አለ። ለማውሶቹ ግን፣ በጉበታቸው ዕጢ ምክንያት፣ «የተወሰነ» አለ። መግለጫው ደግሞ በአይጦቹ «ግልጽ ማስረጃ» አልታየም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንባቢው ግን አንድ ዓይነት ነገር አይሰማም።

ብዙ የቆየሁት ሴሎቹ ላይ ነው። በሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) እና በፊንጢጣ ግድግዳ ውስጥ ያሉ፣ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሂስቲዮሳይቶች፣ ውስጣቸው የሳሙና አረፋ በመሰለ ቀዳዳ ተሞልቷል። የዋጡትን መፍጨት ያቃታቸው ይመስላሉ። እኔ መጀመሪያ «ቀላል ነገር» ብዬ አልፌው ነበር።

ከዚያ 2018 መጣ። አትላንታ ያሉ የዓይን ሐኪሞች መድኃኒቱን ለዓመታት የወሰዱ 6 ታካሚዎች ማኩላቸው (ከዓይን ጀርባ መሃል ላይ ያለው፣ ጥርት አድርጎ ለማየት የሚያገለግለው ክፍል) ላይ ያዩትን ያልተለመደ ለውጥ ጻፉ፤ በ2020 ማስጠንቀቂያው መግለጫው ላይ ገባ። ያን ሁሉ ሠንጠረዥ አገላብጬ ስለዚህ ፍንጭ ፈለግኩ። ለካ ራትም ማውስም ማኩላ የላቸውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚራቤግሮን የሚባለው ሌላ የፊኛ መድኃኒት ነው፣ እርጉዝ ጥንቸሎቹ ላይ የተሠራውን ክፍል ነው የምጀምረው። በሰውነት ስፋት ማስላት የለመደ ካለ እባካችሁ ቁጥሮቼን ፈትሹልኝ፣ ደብተሩን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።