169ኛዋ

ደብረ ማርቆስ፣ መብራት ጠፍቷል። ስልኬም ባትሪ ጨርሷል። ኪሴ ውስጥ ያልወጣልኝ ሎተሪ አለ፤ ቁጥሩ 1022117። ይሄ በምን በምን ይካፈል ይሆን? አልኩና ሻማ ለኩሼ ደብተር አወጣሁ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን። ጎዶሎ ነው፣ መጨረሻው 5 አይደለም፣ አሃዞቹ ተደምረው 14 ስለሚሆኑ ለ3 አይካፈልም። ለ7፣ ለ11 እና ለ13 የምወዳት ዘዴ አለችኝ። ቁጥሩን ከኋላ ጀምሮ ሦስት ሦስት አሃዝ እየቆረጡ፣ አንዴ መቀነስ አንዴ መደመር ነው። 117 ሲቀነስ 22፣ ሲደመር 1፤ 96። 96 ለሦስቱም ያለ ቀሪ አይካፈልም፤ ስለዚህ ትልቁም አይካፈልም። ምስጢሩ 7 × 11 × 13 = 1001 መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጉልበት ብቻ። ከ1000 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉት ፕራይሞቹ፣ 168 ናቸው። ሦስት ማታ ፈጁብኝ። አንዱም አልሠራ። «ብቸኛ ቁጥር ነው!» ብዬ ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ነገርኳቸው።

«የት ላይ ቆምህ?»

«ሺ ላይ።»

«ለምን ሺ ላይ?»

መልስ የለኝም። ሺ ላይ መቆም ደስ ስለሚል ነዋ! መቆም የነበረብኝ ስኩዌር ሩቱ ላይ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ሎተሪዬን በሚሰጠው ቁጥር ላይ ነው፤ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ሎተሪዬን ከሰጡ አንዳቸው ከዚያ አይበልጥምና። ሩቱ ደግሞ ከ1010 ይበልጣል፣ 1011 አይሞላም። መሀል ላይ አንዲት ብቸኛ ቁጥር ቀርታለች፤ 1009። አካፈልኩ፤ 1013 ወጣ፣ ቀሪ የለም።

የባሰ ያናደደኝ ሌላ ነው። 1011 በራሱ ሲባዛ 1022121 ነው። ከሎተሪዬ የሚበልጠው በ4፤ 4 ደግሞ 2 × 2። እንግዲህ 1011 ላይ 2 መቀነስ፣ 2 መደመር፤ 1009 እና 1013። ሁለት መስመር! ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፈርማ እ.ኤ.አ. በ1643 በዚሁ መንገድ 2027651281ን 44021 × 46061 አድርጎታል። አሁን ማካፈል ሳልጀምር ይቺን እሞክራለሁ። ሁለቱ አካፋዮች ከተራራቁ ግን ልብ ታወልቃለች።

መሪጌታ አላመኑም። የባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን አቆጣጠር፣ ዐቢይ ቀመር፣ 532ን፣ ሰጡኝ። እሳቸው 19 × 28 ብለው ነው የሚያውቁት። 24 በ24 ሞከርኩ፣ 25 በ25ም፤ እምቢ አለ። 26 በ26፣ 676። 532 ሲቀነስለት 144፤ 12 በ12። ስለዚህ 14 × 38።

«የኔ 19ስ?» አሉ።

38ን ለሁለት ከፈልኩላቸው።