የጣና ታንኳ፦ ሙዚየም ውስጥ የማይታየው

ሙዚየም ውስጥ የቆመ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ገና ግማሹን ነው ያየው። ደንገል፣ ጣና ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ይበሰብሳል፤ ውሃ ላይ የዋለ ታንኳ በደንብ ቢያዝ እንኳ ዕድሜው በወራት ነው የሚቆጠረው። ሙያው እዚህ የደረሰው በየጊዜው አዲስ ስለሚሠራ ነውና፣ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ከሐይቁ ዳር ካሉት፣ ታንኳ በመሥራት ከሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰፈሮች ቢደርስ እንመክራለን።

ሽማግሌዎቻቸው አባቶቻቸው ዓባይን ተከትለው ከግብፅ እንደመጡ ይተርካሉ። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሙስሊሞች ናቸው፤ ቀድሞ ጉማሬ አድነው ስለሚበሉ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ማዕድ አይጋራቸውም ነበር። ያ መገለል ለብዙ ዘመን ያቆሰላቸው በደል ነው። የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ግን በሠሩት ታንኳ እንጨቱንም ወፍጮ ድንጋዩንም ሲያጓጉዝ ኖሯል።

ሥራው ከአጨዳ ይጀምራል። ለጋ ደንገል ሲደርቅ ስለሚኮማተር የሚመረጠው የጠናው ነው። ከሥሩ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል። ደረቁ ደግሞ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ውሃ ሲነካው ግን እንደ ገመድ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ይረጥባል። ከዚያ በነዶ በነዶ ተደርድሮ በልጥ፣ አሁን አሁን በናይለን ገመድ፣ ይጠፈራል። ቀጭን ቀጭኑ ጫፍ ወደ ፊት ተሰብስቦ ሽቅብ ይቀለበሳል። ግራና ቀኝ ወፈር ያለ ነዶ ይታሰራል፤ ውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ቀዛፊውንም ጭነቱንም ከውሃ ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀረብ ብላችሁ ማሰሪያውን እዩት። ሠሪው ነዶውን በእግሩ ረግጦ፣ ልጡን በሁለት እጁ እስኪሰረጉድ ድረስ ይስበዋል። ከላላ አገዳዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ታንኳውም ይጣመማል።

አንዲት ገመድ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት በ1969 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል ከጣና በታጨደ ደንገል፣ በቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች እጅ “ራ” የተባለች መርከብ አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣ። የኋላውን ጫፍ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ስላልተደረገላት ጀርባዋ እየጎበጠ ውሃ ገባት፤ ባርቤዶስ ሳትደርስ ፈረሰች። በዓመቱ የተነሣችው ራ ሁለት በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች፤ ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው ኮንቲኪ ሙዚየም ትታያለች።

የደንገል አገዳ አየር ስለሚይዝ ታንኳ ድንገት አይሰጥምም። ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እንዲንጠፈጠፍና እንዲደርቅ ነው። ውሃ ላይ ታስሮ የሚያድር ታንኳ ቶሎ ይሞታል።

የሚያሳስበን ግን ደንገሉ ራሱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ጨራ ጨራ ላይ የዓባይ መውጫ ከተገደበ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ ቁጥጥር ውስጥ ገባ፤ ውሃው የሸሸበት ዳርቻ ታርሶ ደንገሉ ተመነጠረ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ታየ፤ ሐይቁ ላይ ሲነጠፍ ታንኳ ማለፊያ ያጣል።

ስትሄዱ ማለዳ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ታንኳዎች አሉ፤ ልጥ የታሰረበትን ምረጡ፣ ዋጋውንም ለሠሪው በእጁ ስጡት።