ጳጉሜን ከየት መጣች?

የጥንት ግብፃውያን ዓመት 12 ወር ነበረው፤ እያንዳንዱ ወር ልክ 30 ቀን። ወሩ ደግሞ በዐሥር ዐሥር ቀን ለሦስት ይከፈላል። 360ው ላይ አምስት ቀን ይጨምሩና 365 ይሞላሉ። አምስቱ ቀናት የአምስት አማልክት፣ የኦሲሪስ፣ የሆረስ፣ የሴት፣ የኢሲስና የኔፍቲስ ልደት ነበሩ። ወቅቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ዓባይ የሚሞላበት፣ የሚዘራበትና የሚታጨድበት፣ አራት አራት ወር።

ለሒሳብ እንዲህ የሚመች አቆጣጠር ማግኘት ይከብዳል። ጣጣው ያለው ሩብ ቀኗ ላይ ነው። ፀሐይ ዑደቷን የምትጨርሰው በ365 ቀን ከ6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያቺ ትርፍ ስለማትቆጠር አዲስ ዓመቱ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል። በ120 ዓመት አንድ ወር ሙሉ ይሸሻል። እንዲህ እያለ «የሙላት ወር» የሚባለው ወር ውኃ በሌለበት ይውላል። ተንከራትቶ ወደ ቦታው ለመመለስ 1,460 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238፣ በግብፅ ንጉሥ በሦስተኛው በጥሊሞስ ዘመን፣ ካህናቱ ካኖፐስ በምትባል የግብፅ ከተማ ተሰብስበው በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ደነገጉ። ድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ ሥራ ላይ ግን አልዋለም (ልማድ ከአዋጅ ይከብዳል)። የጸናው ሮማውያን አገሪቱን ከያዙ በኋላ፣ በአውግስጦስ ጊዜ ነው።

ኮፕቶች የወረሱት ይህንኑ ነው፤ የእኛም አቆጣጠር በዚሁ ስሌት ይሄዳል። «ጳጉሜን» የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፣ «የተጨመረ» ማለት ነው። ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። መስከረም 1 እና የኮፕቶች ቱት 1 ሁልጊዜ በአንድ ቀን ይውላሉ፤ የሚለያየው የዓመቱ ቁጥር ነው፤ የእኛ 2017 ለእነሱ 1741 ነው።