ኮንቴይነሩ የነበረበት ቦታ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት ከፍቶኝ ዋለ። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ እያለ አይመጣም፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። መጋረጃ የሚያመጣልኝ ሞተረኛ ደውሎ «እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ ደርሻለሁ፣ በየት በኩል ልምጣ?» ሲለኝ ለሰው ሁሉ የምናገረውን ምልክት ነገርኩት፤ ከአስፋልቱ ታጥፈህ ኮብልስቶኑን ይዘህ ውረድ፣ አረንጓዴው ኮንቴይነር ጋ ስትደርስ በስተግራ ያለው ብሎክ ነው አልኩት። ኮንቴይነሩ ከተነሳ ወር እንዳለፈው ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። መልሼ ልደውልለት ስል ሐሳቤ ሮም ገባ።

በተማሪዎች ልውውጥ ሮም በቆየሁበት መንፈቅ፣ አንድ እሑድ ከተማዋን በእግሬ ላያት ወጥቼ ነበር። ሰው ሁሉ የቆመውን ሊያይ ሲወጣ እኔ የተነሳሁት የአክሱም ሐውልት የነበረበትን ቦታ ለማየት ነው። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ አገሩ መመለሱን፣ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ደግሞ አክሱም ላይ ቆሞ መመረቁን አሳምሬ አውቃለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ታዲያ ምን ልታዪ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ጫማዬን እያሰርኩ ዝም አልኩ።

የጀመርኩት ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነበር። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹም በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። እኛ በትምህርት ቤት ድል ብለን የተማርነውን እነርሱ በሐዘን አደባባይ ሰይመውበታል፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ግን ድሉም ሐዘኑም ትዝ ያለው አይመስልም ነበር። ከዚያ ቁልቁል ወደ ኮሎሲየም ወርጄ፣ የቆስጠንጢኖስን ቅስት አልፌ ፖርታ ካፔና ደረስኩ።

24 ሜትር የሚረዝመውና 160 ቶን የሚመዝነው ድንጋይ ከ60 ዓመት በላይ በቆመበት ቦታ ያገኘሁት አስፋልትና ሣር ነው። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ ግንባታው የተጀመረው የጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ብልክላት «ሐውልቱ የታለ?» አለችኝ፤ «አክሱም ነዋ» አልኳት። «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

በየመንገዱ ዳር ሌት ተቀን ከሚፈሰው የቧንቧ ውኃ እየጠጣሁ (እዚህ በፈረቃ ባልዲ ስደረድር የማስታውሰው እርሱን ነው) በአሮጌው የከተማ ቅጥር በኩል ስዞር፣ ከግንብ ላይ የአምባ አራዶምን ስም አነበብኩ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተመታበት ተራራ መንገድ ሆኖ ተሰይሟል። ይባስ ብሎ «አምባራዳን» በጣልያንኛ ትርምስ ማለት ነው፤ ቃሉም ከዚያው ጦርነት እንደመጣ ይነገራል። የቋንቋ አስተማሪያችን ክፍሉ ሲንጫጫ ደጋግማ ትለው ነበር፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር እስቅ ነበር። ያን ዕለት ከጽሑፉ ሥር ቆሜ ያሰላሁት ስንት ጊዜ እንደሳቅሁ ነው።

ለነገሩ እኔም የተወለድኩት ካዛንቺስ ነው። ስሙ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ መሆኑን ያወቅሁት እዚያው ሮም ሄጄ ነው። አሁን የእኛ ቤት ፈርሷል፤ የታክሲ ረዳቶቹ ግን ዛሬም «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ!» እያሉ ይጣራሉ፣ ሰውም ይሳፈራል። ስሙ የተራራውን ያህል ሩቅ ሄዶ ሲቀር፣ ወይም ቤቱ ሄዶ ስሙ ብቻ ሲቀር፣ የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ መወሰን አልቻልኩም። ያም ሆኖ ሮማውያንን ለመታዘብ የሞራል ብቃቱ ያለኝ አልመሰለኝም፤ ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት መሆኑን ከጎረቤቴ የሰማሁት እዚህ በገባሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በመስኮት ባየሁ ቁጥር ኮረብታውን እፈልጋለሁ። የምናየው ብሎክ ብቻ ነው። ምናልባት ቆመንበት ይሆን?

ይህን እየጻፍኩ ድምፁን ያጠፋሁትን ስልኬን ባየው 4 ያመለጡ ጥሪዎችና አንድ መልእክት አገኘሁ፤ «እህቴ፣ እዚህ አካባቢ ኮንቴይነር የሚባል ነገር የለም» ይላል። ደንግጬ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም ረጋ ብዬ፣ አንድም ሳላፍር፣ ኮንቴይነሩ የነበረበት ቦታ ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ አልኩት።