በ23 ቀን ያመለጠኝ ጆሮ

ጥር 2015 ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ግራ ጆሮዬ ድፍን ብሏል። ውሃ የገባበት ይመስላል። ውስጡ ጭው ይላል። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ቁርስ ቀርቧል አለችኝ። ድምፁ የእሷ አልመስል አለኝ። ስፒከሩ የተቀደደ ሬዲዮ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አልኳት።

«የኔ ድምፅ ምን ይሆናል? ይልቅ አንተን ምን ነካህ?» አለችኝ።

ያን ዕለት አንድ ሰው «ዛሬውኑ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ቢለኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እብሰለሰላለሁ። ማንም አላለኝም። እኔም አላሰብኩትም። ይህን የምጽፈው ለሚቀጥለው ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ቤት ውስጥ ጨረስኳቸው። ብርድ ነው አልን። የደሴን የጥር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ጤና አዳም አሽታ ጠብ አደረገችልኝ። ጎረቤት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ አመጣ። የመጣው ሁሉ «አብሽር፣ ይለቅሃል» ይለኛል። ቃሉን ራሱ ግን በትክክል አልሰማውም። «ሽ»ዋ ትጠፋና «አብር» ብቻ ነው የምትቀረኝ። ዕድሜ ልኬን የተጽናናሁባት ቃል ናትና ከሁሉም ይልቅ የረበሸችኝ እሷ ናት።

በ4ኛው ቀን ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ወረፋ ጠበቅኩ። ያየኝ ወጣት ባለሙያ ነው። በመብራት ጆሮዬ ውስጥ ተመለከተ። 5 ሴኮንድ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ኩክ ነው። ጠብታ ልጻፍልዎት። በሳምንቱ ይምጡና ይታጠባል» አለኝ።

«የሰው ድምፅ ተበላሽቶ ነው የሚሰማኝ። የገዛ ልጄን ድምፅ መለየት አቅቶኛል» አልኩት።

«ሲደፈን እንደዚያ ነው፤ አይጨነቁ» አለና ቀጣዩን ታካሚ ተጣራ።

እዚህ ላይ የምናደደው በእሱ ብቻ አይደለም። በራሴም ነው። ኩክ ድምፅን ያፍናል፣ ይቀንሳል። እንዲህ አድርጎ አይቀደውም። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ግን የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ውስጤ ያውቅ ነበር። ለአንድ ሜትር ጨርቅ ግማሽ ሰዓት የምከራከር ነጋዴ ነኝ። ለገዛ ጆሮዬ አንዲት ቃል ሳልከራከር ወጣሁ።

ጠብታውን ሳምንት ሙሉ አደረግኩ። በ11ኛው ቀን ታጠበልኝ። የምስር ፍሬ የምታክል ኩክ ወጣች። ባለሙያው ሳህኑ ላይ አሳየኝና «ይኸው!» አለኝ። «ይኸው» ማለቱን ያወቅኩት ከንፈሩን አይቼ ነው። ምንም አልተለወጠም። ይህንኑ ስነግረው «ውስጡ ተቆጥቶ ይሆናል» አለና አሞክሳሲሊን ለ7 ቀን ጻፈልኝ።

በ15ኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀ። ሪፈር ጻፉልኝ ብዬ ሄድኩ። የጤና መድን አባል ስለሆንኩ ያለ ሪፈር ወደ ላይ ከሄድኩ ወጪው አይሸፈንልኝም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «የታዘዘልዎት መድኃኒት ሳያልቅ ሪፈር አይጻፍም» አለ። አንገቱን ደፍቶ ስለተናገረ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። በሦስተኛው ጮኸብኝ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩኝ። አፍሬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ማፈር አልነበረብኝም።

በ18ኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ባዶውን የመድኃኒት ካርቶን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ወረቀቱ ተጻፈልኝ። ማህተም ግን የለም። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ስልጠና ሄዷል። ሰኞ ይምጡ ተባልኩ። ያችን መሳቢያ አሁንም አስታውሳታለሁ፤ ቡናማ ናት፣ አንዱ ጥግ ቀለሟ ተልጧል። ለአንድ ማህተም ብዬ 3 ቀን ጠበቅኩ። ሰኞ ማህተሙ ተመታ። ቀጠሮ ለረቡዕ ተሰጠኝ።

በ23ኛው ቀን ከአንገት በላይ ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ባለሁለት ጣት፣ ስትመታ ድምፅ የምታወጣ የብረት ሹካ አወጡ። ጉልበታቸው ላይ መታ አደረጉና እግሯን ግንባሬ መሃል አስቀመጡ።

«በየትኛው በኩል ይሰማዎታል?»

«በቀኝ።»

ዝም አሉ። ጆሮዬን አዩት። ንጹህ ነው።

«መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ዛሬ 23 ቀኔ ነው።»

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ድምፅዋን አልሰማሁም፤ ሲያስቀምጧት ግን አየሁ። ምንም ሳይናገሩ ነገሩ ገባኝ።

በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ጆሮ በኩክ ወይም በሌላ ነገር ሲደፈን የሹካዋ ድምፅ ወደ ታመመው ጆሮ ያደላል። የውስጥ ጆሮው ወይም ነርቩ ሲጎዳ ግን ወደ ደህናው ይሸሻል። የኔ የሸሸው ወደ ደህናው ነው። ለዚህ ሹካ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ጆሯችሁ ድንገት ከተደፈነ አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ ወደ ደህናው ጆሮ ከሄደ ቁርስ እንኳ ሳትበሉ ከአንገት በላይ ሐኪም ፈልጉ። ወደታመመው ከሄደም መታየቱ አይቀርም፤ ጥድፊያው ግን ይቀንሳል። ይህ ምርመራን አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ግን አፍ ይሰጣችኋል። «እንዲህ ሳደርግ ድምፁ ወደ ደህናው ይሄዳል» በሉት። ያኔ 5 ሴኮንድ አይቶ አይሸኛችሁም።

የኔ በሽታ ድንገተኛ የውስጥ ጆሮ መስማት መቀነስ ይባላል። በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። ሕክምናው ስቴሮይድ ነው፣ ለምሳሌ ፕሬድኒሶሎን። የሚጠቅመው ግን ቶሎ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከተጀመረ ነው። ካለፈ በጆሮ ታምቡር በኩል በመርፌ ይሞከራል። እኔም ተወጋሁ። ወፍራም ድምፆች ትንሽ ተመለሱ። ቀጭኖቹ በዚያው ቀሩ። አንዳንድ ሰው ያለ ምንም ሕክምና ይሻለዋል። ነጭ ሽንኩርቱ አዳነኝ የሚሉት እነሱ ናቸው። እኔ አልዳንኩም።

ስለዚህ ከመመሪያ የሚቃረን ምክር እሰጣለሁ። ሪፈሩን አትጠብቁ። መድኑ አይሸፍን፤ ከኪሳችሁ ክፈሉ፣ ተበደሩ። የመድን ደንቡ ለሌላ በሽታ ደግ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ስቴሮይዱን ራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ሰው ይጎዳል።

የካቲት 24፣ ልክ ከአድዋ በዓል ማግስት፣ የዓለም የመስማት ቀን ነው። አንድ ዓመት በዚያ ሰሞን አንድ ጤና ተቋም በር ላይ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። ጆሮዎን በእንጨት አይጎርጉሩ ይላል። መልካም ምክር ነው። ድንገት መስማት ካቆመ ግን ምን እንደሚደረግ አንድ መስመር የለውም። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። አዲስ አበባ ሄጄ በኦዲዮግራም፣ በመስማት መለኪያው ማለት ነው፣ ተለካሁ። ነርቩ ላይ እጢ እንዳይኖር በኤምአርአይ ታየሁ፤ የለም። ቀኝ ጆሮዬም ከድሮ ጀምሮ በቀጭን ድምፆች በኩል ጎድሎ ኖሯል። ልጅ እያለሁ 6 ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ። ጩኸት መጀመሪያ የሚበላው 4000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መስማት ነው ብለውኛል። ግራው ይሸፍንለት ነበር። ግራው ሲሄድ የሁለቱም ጉድለት ተጋለጠ።

ሰው ሁሉ የምትሰማው ድምፅ ቀነሰብህ ወይ ይለኛል። ችግሩ መቀነሱ ብቻ አይደለም። ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ፣ ተ፣ ከ ቀጫጭን ናቸው፤ ይረግፋሉ። መ፣ ነ፣ ለ፣ በ ይቀራሉ። ሰፋ፣ ጠፋ፣ ከፋ፣ ተፋ ለኔ አንድ ሆኑ። ነጋዴ ደግሞ በቁጥር ነው የሚኖረው። የኛ ቁጥር እንዴት በ«ሰ» እንደተሞላ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። አንድ ቀን ከባቲ የመጣች ደንበኛዬ ስልሳ ሜትር ስትለኝ ሠላሳ ቆርጬ ጠቀለልኩላት። አገር ቤት ከደረሰች በኋላ ደወለች። አሁን ካልኩሌተሩን ለደንበኛው ነው የምሰጠው፤ ቁጥሩን እሱ ይጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም።

ከሁሉ የከበደኝ ዜማ ነው። የሁለቱ ጆሮዎቼ ድምፅ ከፍታ አይገጥምም። የስልኬን ጥሪ በቀኜ ስሰማው አንድ ኖታ ነው፣ በግራዬ ሌላ ኖታ። አጎቴ ቤት ዱዓ ተደርጎ መንዙማ ሲባል ጭብጨባውና ድቤው በቦታው ነው፣ ዜማው ግን ለሁለት ይሰነጠቃል። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች በአገራችን ስም የተጠሩ ናቸው። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ አምባሰልን ስሰማው ማሲንቆው ያልተቃኘ ይመስለኛል። ለአንድ ዓመት ያህል ቤት ውስጥ ሙዚቃ እንዳይከፈት ከለከልኩ። ልጆቹን በድያቸዋለሁ። ጊዜ ሲሄድ አእምሮ ትንሽ ይለምደዋል፤ አሁን ቀኜን ወደ ዜማው አዙሬ እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት መስሚያ ርካሽ ማጉያ ነበር። አትግዙት። ሁሉን ነገር እኩል ያጎላል፤ ኩባያ ሲጋጭ ጆሮዬን ይወጋው ነበር። ሁለተኛው በልኬ የተስተካከለ ነው። የነበረኝ ብር ለአንድ ብቻ ነው። የሻጩ ሰው ለባሰው ጆሮ ይሁን አለኝ። እምቢ አልኩ፤ ለቀኙ አደረግኩት። ልክ ነበርኩ። ቃል የማይለይ ጆሮ ድምፅ ቢጨመርለት የሚጨምረው ረብሻ ነው። በቀን 2 ሰዓት እያደረግክ ተለማመድ የሚለውንም አልሰማሁም። ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ከሱቅ እስከ መኝታ አደረግኩት። ራስ ምታት ነበረው። ወር ሳይሞላ ለመድኩት። ባትሪው ቁጥሩ 312 ነው፣ ቡናማ ልጣፍ አለው። ልጣፉን ልጣችሁ ወዲያው አታስገቡት፤ የሚሠራው በአየር ነውና ጥቂት ደቂቃ አየር ይሳብ። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ብዙ ባትሪ አቃጥያለሁ።

ለቤተሰብ የምለው አንድ ነገር ነው። አትጩሁ። የተጎዳ ጆሮ ዝቅ ያለውን አይሰማም፤ ከፍ ያለው ደግሞ ያመዋል። በመሃል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። ፊት ለፊት ሁኑ፣ ቀስ በሉ። ካልሰማ ያንኑ ቃል አትድገሙ፤ በሌላ ቃል ቀይሩት። «ሻይ ይፈላ?» ካልገባኝ «ውሃ ልጣድ?» በሉኝ። መብራት ደግሞ የጆሮዬ ግማሽ ነው። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ መብራት ጠፋ። ወሬው እንደቀጠለ አውቃለሁ። የሰዉን አፍ ስላላየሁ ግን ብቻዬን ቀረሁ። ልጄ ነቃችና የስልኳን መብራት አብርታ የእናቷ ፊት ላይ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ፋኖስ ከረከቦቱ አጠገብ አይጠፋም።

ያችው ልጄ ማታ ማታ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ እኔ በጣቴ መስመሩን እከተላለሁ። ከዚያ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ ያንኑ ገጽ ደግማ ታነበዋለች። ከማንም ሐኪም ምክር ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ባለፈው ሰኔ ከሱቄ አጠገብ ጫማ የሚሸጠው ጎረቤቴ መጣ። «ጆሮዬ ተደፍኖ አደረ። የምትለው ነገር ሁሉ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይለኛል» አለኝ። እዚያው «እምምም» በል አልኩት። እጁን ወደ ደህናው ጆሮው ሰደደ። ሁለቱንም ሱቅ ዘጋሁና እጁን ይዤ ወጣሁ። ሪፈር አልጠየቅንም፤ ግማሹን ብር እኔ ከፈልኩ። በ2ኛው ቀን መድኃኒቱን ጀመረ። በወሩ ተለካ፤ ጆሮው ተመልሷል።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማታ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ባለቤቴ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቃችንን ስንከፍት በግራዬ በኩል ቆሞ ያወራኛል። በቀኜ ሁን ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ። ይረሳዋል። የራሱንም ጆሮ ነገር ረስቶታል።