የአማርኛ ጽሑፍ በትዕዛዝ መስመር ላይ፦ ውጤቱ በምን መልክ ይውጣ?

በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ፈጥራችሁ በጊት (የፋይል ለውጥ መከታተያ ፕሮግራም) «ጊት ስታተስ» ብትሉ ስሙ አይታያችሁም። በቦታው በባክስላሽ የተለያዩ ቁጥሮች ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ «ሰ» ብቻዋን 341፣ 210፣ 260 ሆና ትወጣለች። ብዙ ሰው ፊደሉ የተበላሸ መስሎት ስሙን በላቲን ይቀይርና ይገላገላል። መቀየር አያስፈልግም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ደንብ) የሚቀመጠው በ3 ባይት ነው፤ የምታዩዋቸው ቁጥሮች እነዚያው 3 ባይቶች በኦክታል (በ8 መሠረት ቁጥር) ሲጻፉ ናቸው። ፋይሉ ደህና ነው፣ ስሙም ደህና ነው። የተለየው ፕሮግራሙ ውጤቱን ያወጣበት መልክ ብቻ ነው፤ መልኩ ደግሞ በአማራጭ ይለወጣል።

(ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው፤ ካልጠቀስኩ በቀር ሁሉም በትንሹ ሆሄ።)

ለጊት መፍትሔው «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚባለውን ቅንብር «ኦፍ» ማድረግ ነው። «ጊት ኮንፊግ»፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ «ግሎባል»፣ ከዚያ የቅንብሩ ስምና «ኦፍ»። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከፈለጋችሁት ከ«ጊት» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ «ሲ» ብላችሁ የቅንብሩን ስም፣ የእኩል ምልክትና «ኦፍ» አስገቡ፤ «ስታተስ» ከዚያ በኋላ ይመጣል። ውጤቱን የሚያነበው ስክሪፕት ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። ለስክሪፕት ሁለት ሰረዝ «ፖርሴሊን» እና ነጠላ ሰረዝ «ዜድ» አብራችሁ ስጡ። የመጀመሪያው የውጤቱን ቅርጽ ከእትም እትም እንዳይለዋወጥ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ስሞቹን በባዶ ባይት ይለያያል፣ ስሙን በኦክታልና በጥቅስ መጻፉንም ያስቀራል። በሰው ዓይን እንዲነበብ የተዘጋጀውን የተለመደ ውጤት በስክሪፕት መቆራረጥ ዕዳ ነው፤ አንድ ቀን ቃሉ ይለወጥና ስክሪፕቱ ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር ይሠራል።

ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ላይም ነገሩ ይኸው ነው። ፓይተን 3 ውስጥ ያለውን «ጄሰን ነጥብ ቱል» ተጠቅማችሁ የአማርኛ ጄሰን ብታስተካክሉ፣ እያንዳንዱ ፊደል ባክስላሽ፣ «ዩ» እና አራት አሃዝ ይሆናል፤ «ሰ» 1230፣ «ሀ» 1200። ጄሰኑ ትክክል ነው፣ የትኛውም ፕሮግራም መልሶ ያነበዋል፤ ለሰው ግን አይነበብም፤ ሦስት ባይት የነበረው ፊደልም ስድስት ባይት ይወስዳል። ሁለት ሰረዝ «ኖ»፣ ሰረዝ «ኢንሹር»፣ ሰረዝ «አስኪ» የሚለው አማራጭ ያስተካክለዋል። ይህ አማራጭ የመጣው በፓይተን 3.9 ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው እትም ላይ «የማላውቀው አማራጭ» የሚል ስህተት ይሰጣችኋል። ጄሰን የሚያነበው «ጄኪው» የተባለው ትዕዛዝ በነባሪው አማርኛውን እንዳለ ያወጣል። ትንሿን «ኤ» ከሰረዝ ጋር ከሰጣችሁት ነው ወደ ቁጥር የሚቀይረው፤ ነጠላ ሰረዝ «አር» ደግሞ በጽሑፉ ዙሪያ ያለውን ጥቅስ ያነሳል፣ ወደ ሌላ ትዕዛዝ ስታሳልፉ የምትፈልጉት እሱን ነው።

በዓምድ ማሰለፍ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ችግር አለ። በባሽ (የተለመደው የሊኑክስ ትዕዛዝ መቀበያ) «ፕሪንትኤፍ» ለሚባለው ትዕዛዝ 10 ቦታ ሰጥታችሁ «ሰላም» የሚለውን ወደ ግራ አስጠግታችሁ ብታወጡ፣ ከኋላው 7 ክፍት ቦታ መኖር ነበረበት። የሚወጣው 1 ብቻ ነው። ባሽ የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ «ሰላም»ን 9 አድርጎ ይወስደዋል። ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የምታገኙት የ«ኦክ» (ጽሑፍ መቆራረጫ ቋንቋ) እትም «ማውክ»ም ባይት ይቆጥራል፤ ሌላው እትም «ጋውክ» ግን ሎኬሉ (የሥርዓቱ የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ዩቲኤፍ 8 ከሆነ ፊደል ስለሚቆጥር 3 ይላል። ሰንጠረዡን በታብ ለያይታችሁ ዓምድ ለሚያሰልፈው ትዕዛዝ ለ«ኮለም» ነጠላ ሰረዝ «ቲ» ብትሰጡት የተሻለ ያሰልፋል፤ ባዶ ቦታ ያለው ስም እንዳይቆረጥባችሁም ነጠላ ሰረዝ «ኤስ» ጨምራችሁ ታቡን መለያ አድርጉት። ያም ሆኖ «ጨ» ወይም «ሠ»ን የመሰለ ሰፊ ፊደል ከተርሚናሉ ሕዋስ አልፎ ጎረቤቱ ላይ ሊደረብ ይችላል፤ ያ የፎንቱ ጉዳይ ስለሆነ በአማራጭ አይስተካከልም።

ሎኬሉን ማየት የሚረሳ ብዙ ነው። ክሮን (ትዕዛዝን በተቀጠረ ሰዓት የሚያሮጠው ፕሮግራም) የሚያስነሳው ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው በ«ሲ» ሎኬል ነው። ውጤቱ ወጥ እንዲሆን ብለው «ኤልሲ ኦል»ን (ሎኬሉን የሚወስን ቅንብር፤ እሱና የሎኬሉ ስም «ሲ» በትልቁ ሆሄ ናቸው) ሆነ ብለው «ሲ» የሚያደርጉም አሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ለአማርኛ ግን «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ 8» አድርጉት፤ የወጥነቱ ጥቅም ሳይቀር ፊደሉ ይነበባል። በ«ሲ» ሎኬል «ኤልኤስ» የአማርኛ ስሞችን ተርሚናል ላይ በኦክታል፣ የቆየ እትም ከሆነ ደግሞ በጥያቄ ምልክት ያሳያቸዋል። ወደ ፓይፕ (ወደ ሌላ ትዕዛዝ) ሲወጡ ግን ባይቶቹ እንዳሉ ያልፋሉ። እዚህ የጥያቄ ምልክቱ ማሳያ ብቻ ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለው ስም አልተነካም።

ፋይል ውስጥ የተጻፈ የጥያቄ ምልክት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ እንድትጠነቀቁ የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ላይ ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ሰንጠረዥ) የሚያወጣው «ኤክስፖርት ሰረዝ ሲኤስቪ» በነባሪው የሚጽፈው በአስኪ (የአማርኛ ፊደል በሌለበት አሮጌ ደንብ) ነው። የአማርኛው ስም በሙሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ከዚያ ፋይል ተነስታችሁም ስሙን መመለስ አይቻልም። ሰረዝ «ኢንኮዲንግ» እና «ዩቲኤፍ8» ሁልጊዜ ጨምሩ። ሊብሬኦፊስን ያለ መስኮት በትዕዛዝ ወደ ሲኤስቪ ስትቀይሩም ከማጣሪያው ስም ቀጥሎ 44,34,76 የሚሉትን ቁጥሮች ስጡ። 44 ኮማ፣ 34 ድርብ ጥቅስ፣ 76 ዩቲኤፍ 8 ነው፤ በታብ እንዲለይ ከፈለጋችሁ 44ን በ9 ተኩ።

መረጃው ተርፎ ወይም ጠፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ተርሚናሉን አትመኑ፤ ተርሚናሉ ራሱ ያሳስታል። ፋይሉን ባይቶቹን በቁጥር በሚያሳየው በ«ኦዲ» ነጠላ ሰረዝ «ቢ» ክፈቱት። 341 እየደጋገመ ከመጣ አማርኛው አለ። 077 ተደርድሮ ካያችሁ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ምንጩን ፈልጉና እንደገና አውጡ። መጀመሪያው ላይ 357፣ 273፣ 277 ካለ ደግሞ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚጠቁመው ቦም የሚባለው ምልክት ነው።

ቦም ለኤክሴል ይጠቅማል፤ ካላገኘው ሲኤስቪውን በቀጥታ ሲከፍት አማርኛውን በላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሊያሳየው ይችላል። ፓወርሼል 5.1 «ዩቲኤፍ8» ሲባል ቦሙን ራሱ ይጨምራል፤ ፓወርሼል 7 ግን አይጨምርም፣ ስለዚህ «ዩቲኤፍ8ቦም» በሉት። ያንኑ ፋይል በኋላ በፓይተን ስታነቡ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ ሰረዝ 8 ሰረዝ ሲግ» አድርጉ። ካላደረጋችሁ ቦሙ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ይጣበቃል፤ ስታትሙት ትክክል የሚመስለውን ዓምድ ፕሮግራሙ «የለም» ይላችኋል።